በደንብ የተቆረጠ ትኬት

አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከላይ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች የተደባለቁበት የቦታ ማስያዣ ኮድ አለ፤ ከሥሩ በ071 የሚጀምር ባለ 13 አሃዝ የትኬት ቁጥር። ከዚያ አራት መስመር ይከተላል፦ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር። ተሳፋሪዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ የሞጣ እናት ናቸው። ትኬቱን የቆረጠችላቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ የብቸና ልጅ ናት። ወረቀቱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ቀድሞ ያላስተዋልኩት የእጅ ሥራ አገኝበታለሁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስክሪን ላይ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ተደርድሮ ነበር። ርካሹ ግን ይሄኛው ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት መስመሮቹን ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ብልሃት ጉዞው ከባሕር ዳር መጀመሩ ነው። ሞጣ ራሷ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ዝርዝር ላይ ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አላት፦ ኦ፣ ቲ፣ ኤ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ አውሮፕላኖች በየአውራጃው የሳር ሜዳ ላይ ያርፉ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ኮድ ነው። ዛሬ መደበኛ በረራ አይደርስባትም፤ ስለዚህ የሞጣ ሰው ወደ ውጭ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ነው። በብቸና በኩል ደጀን፣ ከደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ የህዳሴን ድልድይ መሻገር፣ ጎሐ ጽዮን መውጣት፣ ፍቼ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። መንገዱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር ግን ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለብቸና ሰው ሒሳቡ ይለወጣል፤ አዲስ አበባ ከሞጣው ሰው ይልቅ ስለሚቀርበው በደጀን መውጣቱ ያዋጣዋል። ልጅቷ ሁለቱንም መንገድ በእግሯ ስለምታውቀው፣ ደንበኛዋ ከየት እንደሚነሳ ሳትጠይቅ ኪቦርዱን አትነካም። የብዙ ቢሮዎች ሥራ ከቦሌ ይጀምራል፤ የእሷ ከተሳፋሪው ደጃፍ።

የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው። የብቸና አካባቢ አርበኛ ነበርና፣ የብቸና ልጅ ይህን ስትጽፍ ደስ ሳይላት አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ብልሃት ከመጀመሪያው የበለጠ ነው፤ አራቱም በረራ በአንድ ትኬት ላይ ነው ያለው። የባሕር ዳሩን ለብቻ፣ የዋሽንግተኑን ለብቻ ገዝቶ ማገጣጠም ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ያደርጋል፤ ልጅ አሜሪካ ሆና ዋናውን በካርዷ ትገዛለች፣ ወንድም አገር ቤት ሆኖ የአገር ውስጡን በቴሌብር ይከፍላል። የዚህን አደጋ ለማየት አንድ ድልድይ ላስታውስ፤ ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ፣ ዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ፈረሰና፣ ሰው በገደሉ ላይ በገመድ እየተጎተተ ለአሥርት ዓመታት ሲሻገርበት ኖረ፤ ኋላ ተጠገነ፣ ጥገናው ደግሞ ፈረሰ፣ በመጨረሻም አጠገቡ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች እንደዚያ ድልድይ ናቸው፤ ሁለቱም ዳር ጽኑ ነው፣ መሃሉ የለም። በሐምሌ ባሕር ዳር ላይ ደመና ወርዶ የጠዋቱ በረራ ቢዘገይና የማታው ቢያመልጥ፣ የሁለተኛው ትኬት ባለቤት ያልመጣ መንገደኛ ተብሎ ይመዘገባል፤ ገንዘቡም እንደ ውሉ ሊቀር ይችላል። በአንድ ትኬት ላይ ግን መዘግየቱ የአየር መንገዱ ጣጣ ነው፤ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ግዴታ አለበት። ሻንጣውም ባሕር ዳር ላይ ታግ ተደርጎ ዋሽንግተን ይወርዳል። ለአገር ውስጥ በረራ ከሚፈቀደው የሚበልጠው የዓለም አቀፉ የሻንጣ መጠንም ከባሕር ዳር ጀምሮ ይሠራል። ለዚህ ሁሉ የተጨመረው ገንዘብ ትንሽ ነበር።

አሁን ወደ ታችኛው የወረቀቱ ጫፍ እንውረድ፤ ማንም ወደማያነበው። እዚያ ክፍተት የሌለው፣ በፊደልና በቁጥር የተጠቀጠቀ አንድ መስመር አለ። የዋጋው ስሌት ነው። በባሕር ዳር ኮድ ይጀምራል፣ የአየር መንገዱ ሁለት ፊደል ይከተላል፣ ከዚያ አንዲት ኤክስ ከነእዝባሯ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ኮድ። ያቺ ኤክስ ከአዲስ አበባ በፊት መቀመጧ፣ ተሳፋሪዋ እዚያ የሚያልፉ እንጂ የሚቆዩ አለመሆናቸውን ትናገራለች። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ አንድ መንገደኛ በመሸጋገሪያ ከተማ ከ24 ሰዓት በላይ ካልቆየ እንደ አላፊ ይቆጠራል፤ ካለፈ ግን ቆይታ ይባልና ዋጋው እንደገና ሊሰላ ይችላል። ልጅቷ በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ አገኘች። እናት ጠዋት ከባሕር ዳር ተነስተው ረፋድ ላይ ቦሌ ይደርሳሉ፤ የዋሽንግተኑ በረራ ማታ ነው። በመካከሉ ያለው ሰፊ ቀን ለደመናውና ለመዘግየቱ የተተወ ነው፤ ችግር ካልመጣ ደግሞ የወንድማቸው ቤት ምሳ የሚበሉበት፣ ጎን የሚያሳርፉበት ይሆናል። የቀኑ የመጨረሻው የባሕር ዳር በረራም በሰዓቱ ከመጣ ያደርስ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ያቀረበላትም እሱን ነው። ማሽኑ ከፍተኛውን ፍጥነት ፈለገ፣ እሷ የእናትን ሰላም።

የቀድሞዎቹ የትኬት ሠራተኞች ይህን የዋጋ ስሌት መስመር በእጃቸው ይጽፉት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ጀምሮ ለስድስት አሥርት ዓመታት ትኬት ማለት በካርቦን የሚባዛ ቅጠል ነበር። ሠራተኛው ወፍራም የታሪፍ መጽሐፍ ገልጦ፣ በሁለት ከተሞች መካከል የተፈቀደውን ማይል አይቶ፣ የየመንገዱን ማይል ደምሮ፣ በተፈቀደው ውስጥ እስካለ ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መንገደኛውን በሌላ ከተማ አዙሮ ያሳልፈው ነበር። አንዲት ስህተት ካለች ቅጠሉ በሙሉ ይበላሻል። ዓለም አቀፉ ማኅበር የወረቀት ትኬትን ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስቀር ደብተሩ ቀረ፤ የስሌቱ መስመር ግን በዚያው በጥንቱ ሰዋስው እየተጻፈ እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ በአማዴየስ፣ በሴበር ወይም በጋሊሊዮ የሚሠራ ሰው መስመሩን ኮምፒዩተር ይጽፍለታል። ማንበብ የሚችል ግን ስንት አለ? ልጅቷ ታነበዋለች። ጣቷን እዝባሯ ላይ አድርጋ፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት።

ስለ ዋጋ ብዙ የሚወራ አለ፤ ማክሰኞ ግዙ፣ ሌሊት ፈልጉ፣ የኢንተርኔቱን ታሪክ አጥፉ። እሷ በዚህ ጊዜ አታባክንም። አንድ አውሮፕላን ላይ የኢኮኖሚ ወንበር አንድ ዋጋ የለውም፤ በፊደል የተከፋፈሉ ብዙ መደቦች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋና ደንብ ያለው። ከእያንዳንዱ ፊደል ጎን የቀረው ወንበር ቁጥር ይታያል፤ ከ9 በላይ ቢኖርም 9 ብሎ ነው የሚያሳየው። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ያ መደብ ተዘጋ፣ ቀጣዩ ውድ መደብ ይሸጣል።

ከዚህ ውስጥ ያየሁት ምርጥ ሥራ የአንድ የብቸና ቤተሰብ ነው። ዲቪ የደረሳቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች። አንድ ላይ ሲፈለግ ስክሪኑ ውድ ዋጋ ለአራቱም አወጣ። ልጅቷ መደቦቹን ከፍታ ስታይ ርካሹ መደብ ላይ 3 ወንበር ቀርቷል። ሥርዓቱ አራት ሰው ሲጠየቅ አራቱንም የሚይዝ መደብ ብቻ ስለሚፈልግ፣ ያሉትን ሦስት ርካሽ ወንበሮች ዘልሎ አራቱንም ወደ ውዱ ወሰዳቸው። እሷ ሦስቱን በርካሹ፣ አንዱን በቀጣዩ መደብ ያዘች፤ ሁለቱን ማስያዣ እርስ በርስ የሚያመለክት ማስታወሻ ጻፈች፣ ወንበራቸውንም ጎን ለጎን አደረገች። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር፣ ለብቻው የተያዘው አባት። አንድ በረራ፣ አንድ ረድፍ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከሠራች በኋላ ለአባትየው የነገረችው ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ በተለምዶ አይኦኤም የምንለው፣ የኢሚግራንት ቪዛ ላላቸው ከአየር መንገዶች ጋር የተደራደረበት የአንድ መንገድ ዋጋ አለው፤ ሻንጣውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የዲቪ ሰው መመለሻ አያስፈልገውም፤ በገበያው ላይ ደግሞ የአንድ መንገድ ትኬት ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልስ ግማሽ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ «ጋሼ፣ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ፤ የእኔን ይዤላችሁ እቆያለሁ» አለቻቸው። ከቆረጠችው የምታገኘውን ትንሽ ኮሚሽን ልታጣ ማለት ነው። በአንድ ሙያ የበሰለ ሰው መቼ እንደማይሸጥም ያውቃል፤ ይህን ያየሁት በእሷ ነው። ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይለጠፍ አለመቁረጧም ከዚሁ ነው። ኤምባሲ የጉዞ ዕቅድ ቢጠይቅ የተያዘ ቦታ ታትማለች፣ ገንዘብ አትቀበልም።

የሞጣዋ እናት ቀን ሐምሌ 3 ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 10። ይህም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ መግቢያ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ዲያስፖራው ወደ አገር ቤት ይመጣል፤ የሚሞላው ከዋሽንግተን የሚመጣው አውሮፕላን ነው። በነሐሴ ይገለበጣል፤ ልጆች ለትምህርት ስለሚመለሱ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ይወደዳል። እናት ሁሉ ሲመጣ ይሄዳሉ። መመለሻቸው ኅዳር 8 ነው፤ ለገናና ለጥምቀት የሚመጣው ሕዝብ ወንበሩን ከመያዙ በፊት፣ ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ግርግርም ቀድሞ። ለኅዳር ሚካኤልም ቤታቸው ይደርሳሉ። ይህን የመጨረሻውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ሌላውን ልጅቷ በዙሪያው ገነባችው። ቆይታው ከአራት ወር ስለሚያልፍ፣ ሦስት ወር ብቻ የሚፈቅደውን ርካሽ ዋጋ ትታ ስድስት ወር የሚፈቅደውን መረጠች። ስክሪኑ ላይ የነበረው ዝቅተኛ ቁጥር ያ የሦስት ወሩ ነበር፤ በሌላ አየር መንገድ፣ በፍራንክፈርት የሚያልፍ፣ ቀን ለማስለወጥ ቅጣትም የዋጋ ልዩነትም የሚያስከፍል።

የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ራሱን የቻለ እጅ ይፈልጋል። ደንበኛዋ በእኛ ቀን ያስባል፣ ትኬቱ በፈረንጅ ይጻፋል፣ ዑምራ የሚሄደው የሞጣ ሙስሊም ደግሞ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ በሚመጣው ረመዳን ይቆጥራል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት እስከ የካቲት 21 ድረስ የለመድነው ማዛመጃ በአንድ ቀን ይዛነፋል። በዚያ ዓመት በቃል የሚያሰላ ሠራተኛ ሰውን በአንድ ቀን ሊያስቀር ይችላል። ልጅቷ በቃል ታሰላለች፣ ከዚያ ግድግዳዋ ላይ ካለው መቁጠሪያ ጋር ታመሳክራለች፣ ከዚያ የሳምንቱን ቀን ስም አውጥታ ታነባለች። የሳምንቱ ቀን በሁሉም መቁጠሪያ አንድ ስለሆነ ስህተቱን የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ቤይሩት ለሥራ የሚሄዱ ልጆች በረራ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ትኬቱ ላይ ጁላይ 10፣ ዜሮ ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይላል። ቤተሰቡ ሐምሌ 3 ማታ ቦሌ ይደርሳል፤ አውሮፕላኑ ሄዷል። በእኛ አነጋገር ያ በረራ የሐምሌ 2 ሌሊት 6፡30 ነው። አሠሪው በሕጉ መሠረት የትኬቱን ዋጋ ቢሸፍንም፣ ያመለጠ በረራ ጣጣው የሚወድቀው ለሥራ በምትሄደው ልጅና ደጅ ድረስ ልትሸኛት በመጣች እናቷ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሷ ቢሮ የሚወጣ የሌሊት ትኬት ሁሉ ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ «ሐምሌ 2 ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ ይገኙ» ዓይነት መስመር አለው። መነሻውን አትጽፍም፤ መድረሻ ሰዓቱን ብቻ። ሁለት ሰዓት ከተጻፈ ሰው የኋለኛውን ይይዛል ትላለች፤ ልክ ናት።

ስም ላይ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል። የፓስፖርቱን የላይኛውን ጽሑፍ አታይም፤ ወደ ታች፣ ማሽን ወደሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ትወርዳለች። እያንዳንዳቸው 44 ምልክት አላቸው። እኛ በአባትና በአያት ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ የፈረንጁ ሥርዓት የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። የትኛው የቤተሰብ ስም ሆኖ እንደተቀመጠ፣ ገብረ ሥላሴ አንድ ቃል ሆኖ ይሁን ሁለት፣ ጸሐይ በስንት ፊደል እንደተጻፈች የሚወስነው ያ መስመር ነው። ከቪዛው ጋር ታስተያየዋለች፣ ከዚያ ፊደል በፊደል ትከትባለች። ደንበኛው «እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው» ቢላት በትሕትና እንቢ ትላለች፤ የሚያሳፍረው ፓስፖርቱ ነውና።

መንገድ ስትመርጥም ፓስፖርቱን እያሰበች ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ በእጁ ያለ ነጻ ነው፤ ሌላ አገር የሚሄድ ግን በፍራንክፈርት የሚያልፍ ርካሽ ትኬት ገዝቶ ቦሌ ላይ ሊመለስ ይችላል። የሞጣዋ እናት ቪዛ ስላላቸው በፍራንክፈርት ማለፍ አይከለከሉም ነበር። ልጅቷ ያሰበችው ሌላ ነው። ቋንቋውን የማይናገሩ እናት ከበር ወደ በር፣ ከጣቢያ ጣቢያ በባቡር በሚኬድበት ትልቅ ማረፊያ ውስጥ ብቻቸውን ይሆናሉ። በዶላር ሲሰላ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ስለተተወ በብር ሲመነዘር ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፤ ቤተሰቡን ማሳመን ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ የከፈለችው ልጅ ናት፣ ከአሜሪካ።

የተመረጠውን የዋሽንግተን በረራ ኢቲ 500 ብትሉት መንገደኛው ያውቀዋል። ሲሄድ ግን ቀጥታ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ በምዕራብ ጉዞው በተለያዩ ዓመታት በሮም፣ በደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ሲመለስ ዋሽንግተን ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነች ያለ ማረፍ ይመጣል። ይህ ለአብራሪው የፊዚክስ ነገር ነው፤ ለልጅቷ ግን አንዲት እናት አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደረስኩ ብለው ሻንጣቸውን አውርደው የሚነሱበት ቅጽበት ነው። አስባበታለች።

የመንገዱ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ የሞባይል ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ሆኗል። የሞጣ መንገድ የሚዘጋው በትኬቱ ቀን ቢሆንስ? የኮምፒዩተሩ ርካሽ ዋጋ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ልጅቷ ቀን ማስለወጥ የሚፈቅደውን መደብ የገዛችው ለዚህ ነው። ገንዘቡ የማያስቆጭ መድን ነው እላለሁ፤ ከብቸናና ከሞጣ ለሚነሳ ሰው ቀን የማይለወጥ ትኬት በየትኛውም ዋጋ ውድ ነው። መልእክት የሚደርስበትን ስልክም የእናትን ብቻ አላደረገችም፤ ኔትወርክ ቢጠፋ የበረራ ለውጥ የሚደርሳት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅ ናት።

በማስያዣው ውስጥ ሁለት ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ በወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው የሚታዩት። አንዱ ምግብ ነው። የሐምሌው ጉዞ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ የመመለሻው ደግሞ ከኅዳር 15ቱ የነቢያት ጾም ቢቀድምም፣ እናት ጿሚ ናቸውና ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ምግብ አስቀድማ አዘዘች፤ ይህ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ካልገባ አይገኝም። ሁለተኛው ዊልቸር ነው። እናት ገበያ በእግራቸው የሚሄዱ ጠንካራ ሴት ናቸው። ዊልቸር የተጠየቀላቸው ገፊው መንገዱን ስለሚያውቅ ነው፤ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ፣ በኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣ አንስቶ፣ ልጃቸው እጅ ያስረክባቸዋል። አንዳንዱ ይህን ጤነኛ ሰው በሽተኛ ማስመሰል ነው ብሎ ይነቅፋል። ተቀብሎ የሚያጅብ ሰው ብቻ የሚጠየቅበት ሌላ ኮድ አለ፣ ልጅቷም መጀመሪያ እሱን ትሞክራለች፤ በየጣቢያው መገኘቱን ማረጋገጥ ሲያቅታት ወደ ዊልቸሩ ትሄዳለች። እኔ ከእሷ ጎን ነኝ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ መንገድ ማየት አይችልም።

ሻንጣው ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ድርቆሹ በሁለቱ እኩል ይከፈል ትላለች፤ ድምሩ 46 ቢሆንም አንዱ 27 ሌላው 19 ከሆነ በትርፍ ክብደት ያስከፍላል። ቋንጣ አይሆንም፤ አሜሪካ ሥጋ አያስገባም። በበርበሬው ላስቲክ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍም ትነግራለች።

ከዚያ የመጨረሻውን ሥራ ትሠራለች። የታተመውን ትኬት ገልብጣ ሳይሆን በሌላ ንጹሕ ወረቀት፣ በአማርኛ፣ በእጇ፣ በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች። ወረቀቱ ላይ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት የተጻፉ ጥቂት መስመሮች አሉ፦ ሐምሌ 3 ከጠዋቱ ስንት ሰዓት ባሕር ዳር ማረፊያ መድረስ እንዳለባቸው፤ አዲስ አበባ ሻንጣ እንደማይረከቡ፤ ከምሽቱ ስንት ሰዓት ወደ ቦሌ እንደሚመለሱ፤ «እማማ፣ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ቢያርፍ አይነሱ፤ ገና ነው፣ ነዳጅ ሊሞላ ነው»፤ ዋሽንግተን ላይ ለመኮንኑ የሚያሳዩት የልጃቸው አድራሻ በእንግሊዝኛ። ይህን ወረቀት ማንም አላዘዛትም፣ ክፍያም የለውም። እናት ማንበብ ባይችሉም አጠገባቸው የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ ያነብላቸዋል። «ልጄ፣ ይቺን ከመስቀሌ ጋር ነው የምይዛት» አሏት። አየር መንገዱ ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ትኬት ጋር እንዲህ ያለ የአማርኛ ገጽ ቢያትም፣ ለብዙ ሺህ ወላጆች ከየትኛውም ቅናሽ የበለጠ ይሆን ነበር።

የመመለሻው ግማሽ አጭር ነው፣ ግን አልተዘነጋም። በረራው ኅዳር 8 ረፋድ ላይ ከዋሽንግተን ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ይገባል። የመጀመሪያው የባሕር ዳር በረራ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አለ፤ ኮምፒዩተሩ እሱን አቀረበ። ልጅቷ የሚቀጥለውን ያዘች። የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ የሻንጣ ጉዳይም አለ፤ የመመለሻ ሻንጣ የት እንደሚወርድ ዋሽንግተን ላይ ታጉ ሲታሰር እንዲጠየቅ ለልጃቸው ጽፋላታለች። ከሚቀጥለው በኋላ ያለውን ደግሞ አልመረጠችም፤ እሱ ባሕር ዳር የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ በማታ መንገድ አይወጣም። የያዘችው በረራ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ያደርሳቸዋል፤ በዚያ ሰዓት የሞጣ መኪና አያጡም።